የባለቤቴ የፈረንሳይኛ ደብተር

የካቲት 3

ዛሬ ሰባት ሱቅ አየሁ። ስድስቱ ደህና ናቸው። ሰባተኛው፣ ቅመም ሻጩ፣ ከሚዛኑ ሳህን ሥር ማግኔት ለጥፎ ተገኘ። «ልጆች ሲጫወቱ ይሆናል» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሚዛን ስመረምር ኖሬ ማግኔት የሚለጥፍ ልጅ አላጋጠመኝም። አሸግሁበት።

ከሰዓት በኋላ ቶሎ ለቀቅሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። መኪናው ቆሟል። እሷ ግን ታነበንባለች። አንዱን ቃል ሦስት አራት ጊዜ… «ፓርል… ፓርል… ፓርል…» የሚል መሰለኝ። ኮቴዬን ስትሰማ ዝም አለች።

«ምንድነው እሱ?»

«ዘፈን ነው።»

«ዜማ የሌለው ዘፈን?»

«ዜማው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው» ብላ መርገጫውን ረገጠችው።

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ዘፍና አታውቅም።

የካቲት 6

ሐሙስ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ደንበኞቿ ቤት እየሄደች ልብስ ትለካለች። የቆየ ነገር ነው። ዛሬ ለምሳ መጥቼ ስትወጣ አየኋት። ቦርሳዋን ይዛለች። ከወጣች በኋላ ዓይኔ መኪናው ላይ አረፈ። ሜትሯ ተጠቅልሎ እዚያው ተቀምጧል።

ሜትር ሳይያዝ በምን ይለካል? በስንዝር?

አመሻሽ ላይ ተመለሰች።

«ስንት ሰው ለካሽ?»

«ሁለት።»

«ወፍራም ናቸው ቀጭን?»

ትክ ብላ አየችኝ። «መካከለኛ» አለች።

መካከለኛ…

የካቲት 9

እሑድ። ባለቤቴ ትልቋ ልጃችን ቤት ሄደች፤ እሑድ እሑድ ትሄዳለች። እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም።

የመኪናውን መሳቢያ ሳብኩት። ክር፣ መቀስ፣ የልብስ ቁልፍ የሞላበት ቆርቆሮ። ከቆርቆሮው ሥር ሰማያዊ ደብተር። ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል። የፈረንጅ ፊደል ነው፤ እንግሊዝኛ ግን አይደለም፣ እንግሊዝኛውን ለሥራዬ ያህል አውቃለሁ። አንዳንዱ ፊደል ላይ ጭረት አለ፣ አንዳንዱ ባርኔጣ ደፍቷል። እጅ ጽሕፈቱ የሷ ነው። በቀይ የታረመው ግን የሷ አይደለም።

ማነው የሚያርማት?

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀን አለ። የዛሬ ዓመት ከሰባት ወር። ሚዛን ላይ የሰም ጠብታ የማታልፈኝ ሰውዬ… አንድ ዓመት ከሰባት ወር።

ጥቂት መስመር ገልብጬ መለስኩት። ቆርቆሮውን እንደነበረ፣ ክዳኑን ወደ ግራ አዙሬ።

የካቲት 13

ለነጋዴ የማደርገውን ለሚስቴ አደረግሁ። ተከተልኳት።

«የመስክ ሥራ» ብዬ ፈርሜ ከቢሮ ወጣሁ። ከቤታችን ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ገባች፣ ደረጃውን ወጣች። ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሁለት ሻይ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። ፎቁ ላይ የወንድ እጅ መስኮት ከፈተ። ነጭ እጅጌ። ትንሽ ቆይቶ ሳቅ ሰማሁ። የሷ ሳቅ ነው፣ አልሳሳትም። እኛ ቤት ከተሰማ ስንት ጊዜው?

ስትወጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር። ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሜ በአጠገቤ አለፈች። አላየችኝም።

የካቲት 17

ሰኞ፣ የምሳ ሰዓት። ደረጃውን ወጣሁ። የምለውን አዘጋጅቻለሁ፦ «እኔ ባሏ ነኝ፤ አንተስ ማነህ?» ያንኳኳሁት በጡጫ ነው።

የከፈተልኝ ሰባ አምስት ዓመት የሚሆነው ሽማግሌ ነው። ጎበጥ ያለ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ፈረንሳይኛ ለጀማሪዎች። ከግስ እንጀምራለን።» ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ።

«ለመማር ነው?» አለኝ።

ምን ልበል? «አዎ» አልኩ።

«ምን ያህል ያውቃሉ?»

«ምንም።»

«ጥሩ። የምንነቅለው ነገር የለም ማለት ነው።»

ሰፈሩ «ሙሴ» ነው የሚላቸው፣ በፈረንጆቹ «አቶ» እንደማለት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በምሳ ሰዓት ተመዘገብኩ። በወንድሜ ስም።

ሽማግሌ ናቸው ብዬ ልተዋቸው? ሽማግሌ ተንኮል አያውቅም ያለው ማነው…

የካቲት 21

ዠ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል። እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ይናገራል። ዘፈኗን አገኘኋት።

ሲጻፍ የሁለተኛው መጨረሻ ይለያል፣ ሲነበቡ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። «ይናገራሉ» ለማለት ደግሞ ሦስት ፊደል ይቀጠላል፤ ሦስቱም አይነበቡም።

«የማይነበብ ከሆነ ለምን ይጻፋል?» አልኳቸው።

«ተናጋሪው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ።»

«በጆሮ ሲሰማስ በምን ይታወቃል?»

«ከፊቱ በቆመችው ትንሽ ቃል። ዠ፣ ቱ፣ ኢል። እኛ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ እንከተዋለን፤ እነሱ በር ላይ ያቆሙታል።»

አልተዋጠልኝም። የማይታይ ነገር ሚዛን ላይ ከተጨመረ ምክንያት አለው። ቋንቋ ላይ ሲሆን ነው ሰዋስው የሚባለው?

የካቲት 26

ሙሴ ሲጠሩኝ ዞሬ ወንድሜን ፈለግሁት።

መጋቢት 3

ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። ሽፋን የለውም። ከደብተሯ ከገለበጥኳቸው አንዷን መስመር ፈታሁ፦ «ኤል አ ማርሼ።» ኤል «እሷ» ነው። አ «አላት» ነው። ማርሼ… «ገበያ»።

እሷ ገበያ አላት።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። በዚህ ሳምንት የገባሁባቸው ሦስት ሱቆች ሚዛናቸውን ወልውለው ነው የጠበቁኝ። አንደኛው እንዲያውም ወንበር አዘጋጅቷል። በየትኛው ቀን የትኛው ሰፈር እንደምሄድ ማን ያውቃል? እኔ፣ አለቃዬ፣ እና ቁርስ ላይ የምነግራት ሴት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁርስ ላይ ስነግራት…

መጋቢት 5

ሙሴን ጠየቅኋቸው። መስመሩን በራሴ እጅ ጽፌ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ቆዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ይህን የት አገኙት?»

«መጽሐፍ ላይ።»

«ምን ዓይነት መጽሐፍ?»

«ሽፋኑ የተቀደደ።»

«ገበያ አይደለም» አሉ። «መልኩ አንድ ነው እንጂ እዚህ ግስ ነው። ተራመደች ማለት ነው። ኤል ማርሽ፣ ትራመዳለች። ኤል አ ማርሼ፣ ተራመደች።»

«ማርሽስ መኪና ላይ ነው የማውቀው።» አልሳቁም። «ታዲያ ‹አላት› ምን ይሠራል መሃል ላይ? መራመድ አላት?»

«ያለፈውን ሲናገሩ እንደ ንብረት ይይዙታል። ያደረግኸው አለህ እንደማለት ነው።»

ያደረግኸው አለህ። ደስ የማይል ቋንቋ ነው።

ሁለተኛውን መስመርም አሳየኋቸው፦ «ኢል ን ፎ ፓ ል ሉዊ ዲር።» ለእሱ ይህን መንገር አይገባም።

«ኢል ማነው እዚህ ላይ? ከልካዩ?»

«ማንም። ይህ ግስ ባለቤት የለውም። ባዶ ወንበር እንዳይሆን ብቻ ነው ኢልን የሚያስቀምጡት።»

«ባለቤት የሌለው ክልከላ የለም» አልኳቸው።

«እኛስ ዘነበ ስንል ማነው የዘነበው?»

እሺ ይሁን። ግን ከልካዩ ማንም ካልሆነ፣ የማይነገረው «እሱ»ስ ማነው? ሚስቴ በደብተሯ ለአንድ ሰው አንድ ነገር እንዳይነገር ጽፋለች። ያ ሰው እኔ ካልሆንኩ ማን ይሆናል? የተራመደችውስ ማናት? ወዴት ነው የተራመደችው?

መጋቢት 7

ትልቋ ልጄ መጣች። እናቷ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ሳላውቅ የማውቅ መስዬ ጠየቅኋት።

«እናትሽ እሑድ እሑድ አንቺ ቤት ስትመጣ በስልክ የምታወራው ከማን ጋር ነው?»

«በስልክ ታወራለች ያለህ ማነው?»

«ማንም። እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።»

«አባዬ፣ አንተ እንዲሁ አትጠይቅም። ትመረምራለህ። ሰው ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ሚዛኑን እንደሚያይብህ ነው የሚሰማው።»

«ጥያቄው ቀላል ነው።»

«እሱን እሷን ራሷን ጠይቃት።»

ጫማዋን አጥልቃ ምሳ ሳትበላ ሄደች። እሷም አለችበት። ወይስ እውነቷን ነው? ደብተሩን ካገኘሁ ወር ሆነኝ፤ ሚስቴን አንድ ቀን አፍ አውጥቼ አልጠየቅኋትም። ለምን? ብጠይቃት ትዋሻለች ብዬ ነው? እውነቱን ትነግረኛለች ብዬስ ከሆነ?

መጋቢት 17

ረቡዕ። ዛሬ ሌላ ተንኮል። ያለፈውን ሲናገሩ ሁሉም ግስ «አለ»ን አይዝም። ጥቂት ግሶች «ነው»ን ይይዛሉ። ሙሴ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሰሌዳው ላይ ደረደሯቸው፦ መሄድ፣ መምጣት፣ መግባት፣ መውጣት፣ መውደቅ፣ መወለድ፣ መሞት…

«ለምን እነዚህ ብቻ?»

«እነዚህ ላይ ሰውየው ራሱ ነው የሚለወጠው። ዳቦ ብበላ ዳቦው ነው ያለቀው። ብሄድ ግን እኔ የሄድኩ ሰው ነኝ። ኢል ኤ ፓርቲ፤ የሄደ ነው።»

የሄደ ነው።

እኛ ቤትም አንድ የሄደ አለ። እዚህ ደብተር ላይ ስለሱ አልጽፍም ብያለሁ።

«መወለድንም ያጥኑ» አሉኝ ሙሴ ስወጣ። «ኤል ኤ ኔ። ተወለደች። አጭር ናት፤ ሰው እያየ ያልፋታል።»

ለምን እሷን ለይተው ነገሩኝ?

መጋቢት 18

ሐሙስ። እሷ ትምህርቷ ላይ ናት። አዲሱን ደብተር ይዛ ነው የምትሄደው፣ አሮጌው መሳቢያው ውስጥ አለ። ከሥራ ቀረሁ። መዝገበ ቃላቱን ይዤ የሷ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

ከፊት ጀመርኩ። ግሶች፣ ግሶች፣ ቀይ እርማት። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ኤል አ ደ ዳን።» ሁለት ጥርስ አላት። ሳቄ መጣ። ሁለት ጥርስ ያላት ሴት ምን ዓይነት ናት? አሮጊት? ከማን ጋር ነው የዋለችው ሚስቴ?

ቀጠልኩ። «ኤል ኤ ኔ» አገኘሁ። ትናንት ባልማራት ኖሮ እኔም አልፋት ነበር። ተወለደች። ከጎኑ ቀን ተጽፏል። ከዛሬ ቆጠርኩት፦ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር።

የተወለደች። ሁለት ጥርስ ያላት። ቀጥሎ የተራመደች።

ገጹን ገለበጥኩ። እዚህ ያለው «ነበር» የምንለው ዓይነት ግስ ነው፣ ድሮ ይደረግ የነበረ ነገር። «ሞን ፊስ ሪዬ ቦኩ።» እያንዳንዷን ቃል ፈለግሁ፣ ምንም እንኳ ሁለተኛዋን ሳያት ልቤ አውቋት ነበር። ልጄ ብዙ ይስቅ ነበር።

ከሥሯ፦ «ሶን ግራን ፔር ን ሴ ፓ።» አያቷ አያውቅም።

ይህን ሙሴ በቀይ አላረሙትም። ልክ ነው ማለት ነው።

ስትመጣ ደብተሩ ቦታው ነበር፣ እኔም ወንበሬ ላይ። «ምነው ቶሎ ገባህ?» አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት።

መጋቢት 19

ሥራ ገባሁ። አምስት ሱቅ። ምን እንዳየሁ አላስታውስም።

መጋቢት 23

እንግዲህ ልጻፈው።

የዛሬ ስድስት ዓመት የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ጠፋብኝ። ጣት የምታህል ብረት ናት፤ የመረመርነውን ሚዛን የምናትምባት። በሷ ማንም የውሸት ሚዛን እውነተኛ ያደርጋል። በዚያ ወቅት ልጄ ከአንድ እህል ነጋዴ ልጅ ጋር ይውል ነበር። ሁለቱን ደመርኳቸው። ለኔ ሂሳቡ ትክክል ነበር።

ጓደኞቹ ቁጭ ብለው እያዩ ክፍሉን በረበርኩ። ፍራሹን በምላጭ ቀደድኩት። «አባዬ፣ አልወሰድኩም» አለኝ አንድ ጊዜ። ሁለተኛ አላለም። ለመሥሪያ ቤቱ በእጄ ጻፍኩ፦ «በልጄ እንደተወሰደች እጠረጥራለሁ።» ሁለት ቀን ጣቢያ አደረ። ምንም አልተገኘበትም፣ ለቀቁት። ቤት መጥቶ ልብሱን ያዘ። እናቱን ሳማት። እኔ በር ላይ ቆሜ ሻንጣውን በዓይኔ እየመረመርኩ ነበር። አዎ፣ ያን ጊዜም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሥራ ቦርሳዬን ሳነሳ አንድ ነገር ገበሩ ውስጥ ሲንከባለል ተሰማኝ። በቢላ ቀደድኩት። ማኅተሟ ነበረች። በተቀደደ ኪስ ወርዳ።

ገበሩን ራሴ ሰፋሁት። ማኅተሟን አሮጌው ራዲዮ ሆድ ውስጥ ከተትኳት። ነገ እናገራለሁ አልኩ። አራት ዓመት ነገ አልኩ።

ሰውን ሁሉ ስጠረጥር የኖርኩት ምን የሚደበቅ ነገር እንዳለ ከራሴ ስለማውቅ ይሆን?

ሚያዝያ 1

ለሙሴ «ስሜ ይህ አይደለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። ጠመኔውን አስቀመጡ። «‹ኤል አ ማርሼ›ን ይዘው ሲመጡ ነው ያወቅሁት። ያን ዓረፍተ ነገር እኔው ነኝ ያረምኩት። መጀመሪያ በ‹ነው› ነበር የጻፈችው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እሷ የነገረችኝን ለእርስዎ መንገር የኔ ሥራ አልነበረም። ግስ ማስተማር ግን ሥራዬ ነው።»

«መወለድን ያጥኑ ያሉኝ ለዚህ ነበር?»

መነጽራቸውን ጠረጉ። ተቀየምኳቸው። ወጥቼ ደረጃው መሃል ላይ ደርሼ ተመለስኩና «ዓርብ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ሚያዝያ 5

እሑድ። ልትወጣ ስትዘጋጅ ማኅተሟን አምጥቼ የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጥኳት።

አየቻት። አልደነገጠችም።

«መቼ ታወጣታለህ ስል ነበር» አለች።

«የት እንደነበረች ታውቂ ነበር?»

«የት እንዳለችማ አላውቅም። ከየት እንደወጣች ነው የማውቀው።» ቦርሳዬን ከምስማሩ አውርዳ ሆዱን ገለበጠችው። «የዛሬ አራት ዓመት ማንገቻው ተበጥሶ ሰጠኸኝ። ገበሩ ተቀዶ ተሰፍቷል። እኔ አልሰፋሁትም። ክሩ የኔ ነው፣ እጁ የኔ አይደለም። እንደ ጆንያ አፍ የተሰፋ። ይሄ የማን ስፌት እንደሆነ ይጠፋኛል?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

ዝም።

«ሁለት ዓመት ጠበቅሁህ» አለች። «ማታ ስትገባ ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ። ልጅቷ እዚያ ሰው አገር ስትወለድ ተውኩት። እናቷ የምታውቀው ፈረንሳይኛ ብቻ ነው፣ ልጅቷም በእናቷ አፍ ነው የምታወራው። ቁጭ ብዬ ፊቷን ብቻ ልይ? ተማርኩ። ለአንተ እንዳልነግርህ ልጅህ ራሱ ነው የለመነኝ። እኔም… ብነግርህ ስልኩን ተቀብለህ ‹የልደት ወረቀቷን አሳዩኝ› የምትል መሰለኝ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ደብተርሽን አንብቤዋለሁ» አልኳት።

«የቆርቆሮውን ክዳን ወደ ቀኝ ነው የማዞረው» አለች። «አሁን ለኔ ነግረኸኛል። እኔ ግን አይደለሁም ፍራሹ የተቀደደብኝ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም። አውቀዋለሁ።

ሚያዝያ 8

ማኅተሟን ለአለቃዬ አስረከብኩ። «ስድስት ዓመት የት ነበረች?» አለኝ። «ሁለት ዓመት ቦርሳዬ ውስጥ፣ አራት ዓመት ራዲዮ ውስጥ» አልኩት። እየጻፈ ቀና አለ፤ የሚቀልድ ሰው እንደሆንኩ እያጣራ።

የድሮው ፋይል ወጣ። «በልጄ እንደተወሰደች እጠረጥራለሁ።» የኔ ጽሕፈት፣ የኔ ፊርማ። ሌላ ወረቀት ጽፌ ከላዩ እንዲያያዝ ጠየቅሁ፦ አልወሰደም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጡረታዬ እስኪደርስ መስክ እንዳልወጣ ተወሰነ። ሰነድ ክፍል ነው የምቀመጠው። ሻይ የሚያፈላልኝ ነጋዴ የለም እንግዲህ።

ሚያዝያ 13

ለልጄ ደብዳቤ ጻፍኩ። አምስት ጊዜ። በመጀመሪያው ሁሉም ነገር «ጠፋች»፣ «ተገኘች»፣ «ተጠረጠረ» ይላል። አድራጊ የለበትም። ከሙሴ ጋር ባልውል ኖሮ ይህን አላየውም ነበር። ቀደድኩት።

አምስተኛው አጭር ነው። ጠረጠርኩህ። በረበርኩህ። አሳሰርኩህ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቦርሳዬ ውስጥ አገኘኋት፣ አገኘሁ ሳልል አራት ዓመት ኖርኩ። አባትህ።

ባለቤቴ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችው። ስታነበው ፊቷን አየሁ። ምንም አላሳየኝም።

ሚያዝያ 22

መልስ የለም። ዘጠኝ ቀን።

ልካው ይሆን? ወይስ ያነሳች መስላ… ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እሷ ልብስ ታሰጣለች። መክፈቻውን አውቃለሁ፤ ጣቷን ስትነካ አይቻለሁ። እጄ እዚያ ደርሶ ነበር።

ወጣሁና ገመዱ ጋ ቆምኩ።

«ልከሽዋል?»

«ልኬዋለሁ።»

«አንብቦታል?»

«አንብቦታል።»

«ምን አለ?»

«ምንም።»

የአንሶላውን ጫፍ ያዝኩላት። አመንኳት። ቀላል አልነበረም፣ እስከ ማታ ድረስ ሦስት ጊዜ ማመን ነበረብኝ።

ግንቦት 6

ሁለቱም ደብተሮች ምግብ ጠረጴዛ ላይ ናቸው አሁን። ማክሰኞና ሐሙስ የተማረችውን ከእራት በፊት ታሳየኛለች። ትበልጠኛለች፣ በብዙ። ዛሬ «ሄጃለሁ»ን በ«አለ» ብናገር መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «መሄድ በ‹ነው› ነው» አለችኝ። «ስንቴ ይነገርሃል?» አለችኝ ደግሞ።

ለማስመሰል አኮረፍኩ። ውስጤ ግን… እንዲህ ካወራችኝ ስንት ዓመቱ ነው?

ስለ ልጄ አንናገርም።

ግንቦት 18

ሰኞ። ትናንት ትልቋ ጋ ሄዳ ስትመለስ «ልጅህን እሑድ እዚሁ ቤት ሆኜ እደውላለሁ ብዬዋለሁ» አለችኝ።

«ምን አለ?»

«‹እሺ› አለ።»

እንዴት ያለ እሺ እንደሆነ ልጠይቃት ነበር። ረዥም ነው አጭር? ተውኩት።

ግንቦት 24

እሑድ፣ ጠዋት አራት ሰዓት። ስልኩን የስፌት መኪናዋ ላይ በክር ጥቅል አስደግፋ አቆመችው። እኔ ሸሚዝ ለበስኩ። አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፣ ግሶቹን ሁሉ ሙሴ አይተውልኛል።

መጀመሪያ እሱ ነው የታየው። ወፍሯል። ጢም አሳድጓል።

«ጤና ይስጥልኝ» አለኝ፣ እንደ ቢሮ ሰው።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩት።

«ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ።»

«እ።»

«አራቱን ዓመት ያውቁ ነበር ማለት ነው።»

ብዙ የምለው ነበረኝ። ሥራዬን፣ ጡረታዬን፣ ኀፍረቱን… አንዱንም አልተናገርኩም። «አውቅ ነበር» አልኩት።

ወደ ጎን አየ። መስኮት ይሆናል። «እኔ በአራቱ ዓመት ምን እያልኩ እንደነበር ያውቃሉ? ምናልባት ሳላውቀው ወስጄ ይሆን እያልኩ ነበር። ራሴን እስክጠራጠር።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። በአምስቱም ደብዳቤ ውስጥ የለም። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ትተነፍሳለች። «ይህን አላወቅሁም» አልኩት። «ይህን አሁን ነው የምሰማው።»

ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልዘጋውም። ከታች አንዲት እጅ መጥታ ስልኩን ጎተተችው፣ ጣሪያ ታየ፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ሁለት ዓይን። ጸጉሯ የባለቤቴ ነው፣ ያው ቁጥርጥር። አንድ ቀይ ጫማ አንስታ አሳየችኝ። አንድ ነገር ብላ አወራች፣ ፈጥና። አሥራ አንዱም ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጠፋ፤ ወረቀቱም እጄ ላይ ረጠበ። ከወሬዋ ሁሉ የገባኝ መጨረሻው ነው።

«ቱ ቪየን?»

ትመጣለህ?

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ታውቀዋለች፣ ግን አልረዳችኝም።

«ዠ ቪየን» አልኳት። «ሲ ቶን ፔር ቨ።» እመጣለሁ፣ አባትሽ ከፈለገ።

ልጅቷ ዞራ ወደ ላይ አየች። እሱ አይታየኝም፤ የእጅጌው ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው።

«ግሱ ልክ ነው» የሚል ድምፁ መጣ። ስልኩን አልዘጋውም።

ልጅቷ ሌላኛውን ጫማዋን ልታመጣ ሮጠች። ጠበቅናት፣ እኔም እሱም።